ፓቱላን እንደ ባሕር ዛፍ አትያዙት፦ በጅማ ዙሪያ ከ15 እስከ 18 ዓመት ውስጥ ጥሩ ገንዘብ የሚያስገኝ የፓይን ተክል አያያዝ

በጅማ ዙሪያ ዛፍ ተክሎ መሸጥ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ባሕር ዛፍ ነው። ተጠጋግቶ ይተከላል፣ በአምስትና በስድስት ዓመት ለአጠና ይቆረጣል፣ ከጉቶው አቆጥቁጦ እንደገና ለመቆረጥ ይደርሳል። ይህን ልማድ ይዞ ወደ ፓቱላ የሚገባ ሰው ይከስራል። ፓቱላ አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም፤ ቀጭኑ አጠናም መሬት ውስጥ ሲቀበር ቶሎ ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይበላዋል። የፓቱላ ዋጋ ያለው ጣውላና ሞራሌ በሚወጣው ወፍራም ግንዲላ ላይ ነው። ስለዚህ የሥራው ሁሉ መሠረት በሄክታር ጥቂት ዛፍ ይዞ ቶሎ ማወፈር ነው። ርቀቱም፣ ማሳሳቱም፣ የሚቆረጥበት ዓመትም የሚወሰነው በዚህ ነው።

ስለ ስሙ አንድ ነገር እናጥራ። ፓቱላ ወይም ፓይነስ የምንለው መርፌ የመሰለ ረጅም ቅጠሉን ወደ ታች የሚያንዠረግገው፣ መነሻው ሜክሲኮ የሆነው ዛፍ ነው። የሐበሻ ጥድም የፈረንጅ ጥድም ሌሎች ዛፎች ናቸው፤ የፈረንጅ ጥድ አያያዝ ከዚህ ጋር ቢቀራረብም ችግሮቹ የተለዩ ናቸው።

ቦታ መምረጥ

ፓቱላ የሚስማማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,700 ሜትር ከፍታ ነው። የጅማ ከተማ ራሷ ከዚህ ክልል የታችኛው ጠርዝ ላይ ናት። የዴዶን የመሰሉ ደጋማ ቦታዎች ከከተማው ዙሪያ ሜዳ ይሻላሉ። ከ1,700 ሜትር በታች ላለ መሬት ግራቪሊያን አስቡ። ዝናቡ በጅማ አያሳስብም፤ ቀዩ አፈርም ጥልቅና አሲዳማ ነው፣ ፓቱላም አሲዳማ አፈር ይችላል። የሚገድለው ውኃ የሚቋጥር መሬት ነው። ረግረግ ዳር፣ መረሬ አፈር፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት ሜዳ ላይ አትትከሉ። ከመወሰናችሁ በፊት በሦስት ቦታ 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሩ። ግራጫና ዝገት የመሰለ ነጠብጣብ ያለበት አፈር 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ሳይደርስ ከታየ፣ ወይም ድንጋይ ከዘጋችሁ፣ ያ ቦታ ለፓቱላ አይሆንም።

ከአፈሩ እኩል የሚመዘነው መንገድ ነው። ግንዲላ ከባድና ርካሽ ዕቃ ነው፤ የጭነት መኪና ከማይደርስበት ቦታ በሸክም ወይም በበሬ እየተጎተተ የሚወጣ እንጨት ትርፉን መንገድ ላይ ይጨርሳል። መኪና ከሚቆምበት እስከ ተክሉ ያለው ርቀት ከ300 ሜትር ካለፈ ሒሳቡን እንደገና ሥሩ።

ቡና የሚበቅልበትን መሬት ለፓቱላ አታውሉ። የተፈጥሮ ደን መንጥሮ መትከል ደግሞ ሕገ ወጥም ኪሳራም ነው። በአሮጌ አገር በቀል ዛፎች ጉቶና ሥር ላይ የሚኖር አርሚላሪያ የሚባል ፈንገስ ወደ ወጣቱ ፓቱላ ተሻግሮ ዛፉን ቡድን ቡድን አድርጎ ያደርቃል። የደረቀውን ዛፍ ከሥሩ አጠገብ ቅርፊቱን ላጥ ስታደርጉት እንደ ነጭ ወረቀት የተለጠፈ ነገር ካያችሁ እሱ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ጉቶውንና ሥሩን ነቅሎ ማውጣት ብቻ ነው።

ዘርና ችግኝ

በ2.5 በ2.5 ሜትር ርቀት አንድ ሄክታር 1,600 ዛፍ ይይዛል። ለመተኪያ 10 በመቶ፣ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ተለይቶ ለሚጣለው ደካማ ችግኝ ደግሞ ሩብ ያህል ጨምሩ፦ 2,200 ችግኝ ገደማ ይሆናል። አንድ ኪሎ የፓቱላ ዘር ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ ፍሬ አለ፤ ከመቶው 70 የሚበቅል ከሆነ ለአንድ ሄክታር የሚበቃው ዘር 30 ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ በዚህች እፍኝ በማትሞላ ዘር ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ ከመንገድ ዳር ዛፍ ኮን (ዘሩን የያዘውን ደረቅ ፍሬ) ለቅሞ መዝራት የ15 ዓመት ስህተት ነው። ጠማማና መንታ እናት ጠማማና መንታ ልጅ ትሰጣለች። ተመርጦ ለዘር ከተጠበቀ ተክል የተለቀመና የተለቀመበት ቦታ የተጻፈበት ዘር ግዙ።

ዘሩ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ይዘራል፣ ችግኙ ለሰኔ እንዲደርስ። መደቡ ላይ በስሱ ዝሩና ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል የታጠበ አሸዋ አልብሱት። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። በዚህ ጊዜ ብዙ ችግኝ የሚያልቀው አንገቱ መሬት ጋ በስብሶ በመውደቅ ነው። ምክንያቱ ጥቅጥቅ ያለ ዘር፣ ያልበሰለ ፍግና ማታ ማታ ውኃ ማጠጣት ነው፤ ጠዋት ብቻ አጠጡ፣ መደቡ ላይ ፍግ አታድርጉ፣ ዳሱን ከፍ አድርጋችሁ አየር አስገቡ።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ፓቱላ ሥሩ ላይ አብሮት የሚኖር ማይኮራይዛ የሚባል ፈንገስ ከሌለው አፈሩ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ በወጉ መውሰድ አይችልም። ፈንገሱ ፓይን ተተክሎበት በማያውቅ አፈር ውስጥ የለም። ከአሮጌ ፓቱላ ተክል ሥር የላዩን መርፌ ቅጠል ገለጥ አድርጋችሁ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለውን ጥቁር አፈር ውሰዱና፣ ችግኙ ከመደቡ ተነሥቶ የሚዛወርበትን የፕላስቲክ ከረጢት ከሚሞላው ድብልቅ ከአሥር እጅ አንዱ እንዲሆን ቀላቅሉት። እንዳይደርቅና ፀሐይ እንዳይመታው በጥላ አኑሩት። ካልተጨመረ ምልክቱ በአራተኛው ወር ግድም ይታያል፤ አንዳንዱ ችግኝ አረንጓዴ ሆኖ ሲያድግ ጎረቤቱ ቢጫ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ ይቀነጭራል። ማዳበሪያ መጨመር አያድነውም። አፈሩን በውኃ በጥብጦ ማጠጣት ግን ዘግይቶም ቢሆን ይረዳል።

ከአራተኛው ወር ጀምሮ በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ከከረጢቱ የወጣውን ሥር ቁረጡ። የመጨረሻው ወር ላይ ጥላውን አንሡ፣ ውኃውን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ለተከላ የደረሰ ችግኝ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቁመትና እንደ ወፍራም የሽቦ ምስማር የጠነከረ ግንድ አለው። ከዚያ የረዘመ፣ ቀጥኖ የሚወዛወዝ ችግኝ ያምራል እንጂ አይጸድቅም።

ተከላና የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት

ጉድጓዱን በሚያዝያና በግንቦት 30 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ሲተከል መጀመሪያ እሱን መልሱ። ተከላው ሰኔ ላይ፣ አፈሩ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከረጠበ በኋላ ይሁን። ነሐሴ ላይ የተተከለ ችግኝ ሥሩን ሳይሰድ የኅዳር ፀሐይ ይቀበለዋል።

ከረጢቱን ሙሉ በሙሉ አውልቁ። ከሥር ቀዶ ከነፕላስቲኩ መቅበር በየተከላው ዘመቻ የሚታይ ጥፋት ነው። ከረጢቱ ውስጥ የተጠመዘዘ ሥር ካለ የታችኛውን አንድ ሴንቲ ሜትር በስለት ቁረጡት፤ ካልተቆረጠ ያው ጥምዝ ሥር ዛፉ ሦስትና አራት ዓመት ሲሆነው ራሱን ያንቀዋል፣ ነፋስም ይገለብጠዋል። የወለቀውን ከረጢት ቁጠሩት፤ ከተተከለው ችግኝ ቁጥር ጋር ካልገጠመ የተቀበረ አለ።

ከወር በኋላ ቆጥራችሁ የሞተውን በዚያው ክረምት ተኩ። በዓመቱ የሚተካ ችግኝ በጎረቤቶቹ ጥላ ሥር ይቀራል፣ ዋጋም አያወጣም። አረሙን በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በችግኙ ዙሪያ 1 ሜትር ስፋት አጽዱ። ለአረም ሥራ የሚወጣ ገንዘብ ከሁሉም በላይ የሚከፍል ወጪ ነው፤ አንድ ዓመት የቀነጨረ ችግኝ ቆረጣውን አንድ ዓመት ያዘገያል። በመስመሮቹ መካከል ባቄላ፣ ቦሎቄ ወይም ድንች መዝራት ወጪውን ይሸፍናል፣ አረሙንም ይቆጣጠራል። ከግንዱ 50 ሴንቲ ሜትር ራቁ፤ በበሬ አትረሱ፣ ሥር ይቆርጣልና። ከብት እስከ ሦስተኛው ዓመት ድረስ በፍጹም አይግባ።

ማሳሳት

ገንዘቡ የሚሠራው እዚህ ነው፤ ብዙ ባለ ተክል የሚሸነፈውም እዚሁ ነው፣ ደህና የቆመ ዛፍ መቁረጥ ያሳሳዋልና። ሳይሳሳ የቀረ ተክል በአሥረኛው ዓመት ሲታይ ጥቁርና ግርማ ያለው ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ከላይ አንድ ሦስተኛው ብቻ አረንጓዴ የሆነ፣ ክንድ የማያክል ቀጭን ግንድ ነው። በሄክታር ያለው የእንጨት መጠን ከተሳሳው አያንስም፤ ልዩነቱ መጠኑ በ1,600 ቀጫጭን ግንድ ላይ መበተኑ ነው። መጋዝ ቤት ደግሞ ቀጭኑን አይፈልግም፤ ከቀጭን ግንዲላ አብዛኛው እንጨት ሰጋቱራና ልጣጭ ሆኖ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ማሳሳት በ6ኛው ወይም በ7ኛው ዓመት፣ ከ1,600 ወደ 800 ገደማ። ሁለተኛው በ10ኛው ወይም በ11ኛው፣ ወደ 450 ወይም 500። ቀጭን እንጨት የሚገዛ በአቅራቢያችሁ ከሌለ ከመጀመሪያውም በ3 በ3 ሜትር ትከሉ፤ 1,111 ዛፍ ይሆናል፣ በ8ኛው ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ወደ 550 ማሳሳት ይበቃዋል።

አሠራሩ ይህ ነው። 5 ሜትር ከ64 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገመድ ቁረጡ። አንድ ሰው ጫፉን ይዞ ይቁም፣ ሌላው ገመዱን ወጥሮ ዙሪያውን ይሂድ። ገመዱ የከበበው ቦታ 100 ካሬ ሜትር ነው፤ ውስጡ ያለውን ዛፍ ቁጠሩና በ100 ስታባዙት የሄክታሩን ቁጥር ታገኛላችሁ። 15 ዛፍ ካለ በሄክታር 1,500 ነው፤ 800 ለማስቀረት ከክቡ ውስጥ 8 ይቀራል፣ 7 ይወጣል። መጀመሪያ የሚቀሩትን 8 ምረጡ እንጂ የሚወጡትን አትፈልጉ። ቀጥ ያለው፣ ወፍራሙ፣ ጫፉ አንድ የሆነው፣ ቅርንጫፉ ቀጭን የሆነው ይቆያል፣ ነጭ ቀለም ይቀባ። ከዚያ መንታው፣ ጠማማው፣ የታነቀው ይወጣል። ሁለት ጥሩ ዛፎች ተጠጋግተው ከሆነ አንዱን መሠዋት ግድ ነው። ቀለሙን ባለቤቱ ራሱ ይቅባ። ለአጠና የመጣ ነጋዴ እንዲመርጥ ከተተወለት ወፍራሙን ወስዶ ቀጭኑን ይተውላችኋል፤ ያኔ የተሸጠው የ15ኛው ዓመት ገንዘብ ነው።

ለሁለተኛው ጊዜ ዓመት ብቻ አትቁጠሩ፤ ዛፉን እዩት። አረንጓዴው አናት ከዛፉ ቁመት ከአንድ ሦስተኛ በታች መውረድ ከጀመረ ቀድሞውኑ ዘግይታችኋል።

ቅርንጫፍ ምልመላ

የደረቀ ቅርንጫፍ ጣውላው ላይ ሲደርቅ የሚወድቅ አይን (ጉጥ) ይፈጥራል፣ ጣውላውም ቀዳዳ ይሆናል። ዛፉ 5 ሜትር ሲደርስ፣ በአራት ወይም በአምስት ዓመቱ፣ እስከ ቁመቱ ግማሽ ብቻ መልምሉ፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ እድገቱን ትቀንሳላችሁ። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ማሳሳት በኋላ ለቀሩት ዛፎች ብቻ፣ እስከ 5 ሜትር አድርሱት። በዚህ አጭር ዘመን ከዚያ በላይ መውጣት ወጪውን አይመልስም፤ ዋጋው ያለው በታችኛው የ4 ሜትር ግንዲላ ላይ ነውና። በእጅ መጋዝ፣ በበጋ፣ ግንዱን ሳትነኩ፣ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር ከሚገናኝበት እብጠት ፊት ቁረጡ። በገጀራ የተመታ ዛፍ ቁስሉ ውስጡ ይቀራል። ግንዱ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ በኋላ መመልመል ከንቱ ድካም ነው፤ አይኑ ቀድሞ ውስጥ ገብቷል።

የተመለመለውን ከግንዶቹ ሥር አንሡ። እሳት የፓይን ትልቁ ጠላት ነው። በተክሉ ዙሪያ ከ6 እስከ 10 ሜትር የሚሰፋ ባዶ መስመር ኅዳር ሳያልቅ ይጠረግ። ማር ቆራጮች በጭስ የሚሠሩበት አካባቢ ከሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ቀፏቸው ያለበትን ጫፍ አብሮ ማጽዳት ከጠብ ይሻላል። ዝንጀሮና ጦጣ በሚበዛበት የደን ዳር ደግሞ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ፓይን ተክሎች ላይ ቅርፊት ልጠው ዛፍ ሲያደርቁ የታወቀ ነው።

መቼ ይቆረጥ?

ዛፉን በባንክ እንዳለ ገንዘብ ቁጠሩት። የገንዘባችሁ ዋጋ በዓመት 12 በመቶ ነው እንበል። ሲተከል የወጣ 1,000 ብር በ15ኛው ዓመት 5,474 ብር መመለስ አለበት፤ እስከ 25 ዓመት ከቆየ ግን 17,000 ብር። በ5ኛው ዓመት ለምልመላ የወጣ 1,000 ብር በ15ኛው 3,106 ብር ሆኖ ይጠበቃል። በሌላ በኩል በ7ኛው ዓመት ከማሳሳት የተገኘ እያንዳንዱ 1,000 ብር በ15ኛው ዓመት ሚዛን 2,476 ብር ነው። ቶሎ የሚገባ ጥቂት ገንዘብ ዘግይቶ የሚመጣን ብዙ ገንዘብ የሚበልጥበት ጊዜ ያለው ለዚህ ነው።

ከ12ኛው ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ 30 ዛፍ ለኩ። በደረት ቁመት፣ ማለትም ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ፣ ዙሪያውን በሜትር ያዙ። ቁመቱን ለማወቅ ከዓይናችሁ እስከ ጨበጣችሁበት የሚደርስ ዱላ እጃችሁን ዘርግታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙና ዱላው ዛፉን ከሥር እስከ ጫፍ እስኪሸፍነው ወደ ኋላ ሂዱ፤ ከቆማችሁበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት ቁመቱ ነው፣ መሬቱ ሜዳ ከሆነ። ዙሪያውን በሜትር ጽፋችሁ (63 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 0.63) በራሱ አባዙ፣ ለ12.57 አካፍሉ፣ በቁመቱና በ0.45 አባዙ፤ የዛፉ ይዘት በሜትር ኪዩብ ይወጣል።

ዙሪያው 63 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 16 ሜትር የሆነ ዛፍ 0.23 ሜትር ኪዩብ ነው። በሁለት ዓመት 69 ሴንቲ ሜትርና 17 ሜትር ተኩል ከደረሰ 0.30 ሆነ፤ በዓመት 14 በመቶ ገደማ አድጓል፣ ከ12 ይበልጣል፣ ይቆይ። ዙሪያው 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 20 ሜትር የሆነው ደግሞ 0.46 ነው። በሁለት ዓመት 83 ሴንቲ ሜትርና ወደ 21 ሜትር ቢደርስ 0.52 ይሆናል፤ ይህ በዓመት ወደ 6 በመቶ ብቻ ነው። ይቆረጥ። አንድ ልዩ ሁኔታ አለ፦ መጋዝ ቤቱ ለወፍራም ግንዲላ በሜትር ኪዩብ የተሻለ ዋጋ የሚከፍል ከሆነና ዛፎቻችሁ እዚያ ውፍረት ለመድረስ ሁለት ዓመት ከቀራቸው፣ የዋጋውን ጭማሪ በእድገቱ ላይ ደምሩት። ብዙ ጊዜ መቆየቱ ያዋጣል።

ከ12 ዓመት በፊት መቁረጥን አንመክርም። ወጣት ፓይን ከመሐሉ ያለው እንጨት ለስላሳ ነው፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ክብደትም አይችልም። ለሳጥን፣ ለፓሌት፣ ለኮንክሪት ፎርም ይሆናል፣ ለጣሪያ ተሸካሚ ግን አይሆንም። በ15 እና በ18 ዓመት የሚቆረጠውም ቢሆን የ25 ዓመት እንጨት ጥንካሬ የለውምና ለገዢው በእውነት ንገሩት።

ሽያጭና ቆረጣ

ቆሞ ያለን ተክል «ይህን ያህል ልስጥህ» ብሎ በዓይን ግምት ለሚመጣ ሰው አስቀድማችሁ ሳትለኩ አትሽጡ። ከላይ ያለውን ገመድ ይዛችሁ በሄክታር ቢያንስ ስምንት ክብ ለኩ። ክቦቹን በእኩል ርቀት አስቀምጡ፣ ጥሩ ጥሩውን እየመረጣችሁ አይሁን። ይዘቱን ካወቃችሁ በኋላ ጅማ ገበያ ላይ የጣውላውንና የሞራሌውን ዋጋ ጠይቁ፤ ከአንድ ሜትር ኪዩብ ግንዲላ የሚወጣው ጣውላ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ነው፣ ወፍራም ክብ መጋዝ ካለበት ከዚያም ያንሳል። መጋዝ፣ ጭነትና ጉልበት ሲቀነስ የሚቀረው የቆመው ዛፍ ዋጋ ነው።

የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ባለቤትነት ያውቃል። ቢሆንም እንጨት መንገድ ላይ ሲጫን ከየት እንደመጣ የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል፤ ከወረዳው ጋር ጨርሳችሁ ነው መጋዝ የሚነሣው። የተቆረጠ ፓይን አይጠብቅም። በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ሰማያዊ ፈንገስ ይገባበታል፤ ጥንካሬውን ብዙ ባይነካም ዋጋውን ይጥለዋል። ስለዚህ መኪናውና መጋዝ ቤቱ ተረጋግጠው፣ በታኅሣሥና በጥር ቁረጡ። የወጣውን ጣውላ በዚያው ቀን 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያላቸውን ዘንጎች በየ60 ሴንቲ ሜትር እያደረጋችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ በጥላ ደርድሩት።

ከአንድ ሄክታር በላይ ያለው ሰው ሁሉንም በአንድ ዓመት አይትከል፤ በየሁለት ዓመቱ ክፋዩን ቢተክል እሳትና የዋጋ መውደቅ አንድ ጊዜ አይበሉትም። ቀጣዩን ተክል ደግሞ ከመጋዙ በፊት ጀምሩት፦ ታኅሣሥ የሚቆረጥ ከሆነ ዘሩ ጥቅምት ላይ መደብ ውስጥ መግባት አለበት። ቅርንጫፉን አታቃጥሉት፤ በመስመር ከምሩትና በመካከሉ ቆፍሩ፣ በሰኔ ችግኙ ይግባ። የአሮጌው ተክል አፈር ማይኮራይዛውን ይዟልና በዚህኛው ዙር ከሌላ ቦታ ማምጣት አያስፈልጋችሁም።